ፒኤችፒሜይለር ወይስ ኖድሜይለር? ብሩን ለሚቆጥር ሰው

ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለእንግዳ ማረፊያዎች ድረ ገጽ የሚሠሩ ወዳጆቼ አንድ ጥያቄ ይደጋግሙብኛል፤ «ደንበኛው ክፍል ሲይዝ ስሙ፣ ቀኑና ሒሳቡ ተሞልቶበት በራሱ የሚሄድ ኢሜይል በየትኛው ላይብረሪ እንላክ?» ላይብረሪ ማለት ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ኮድ ነው፤ ፒኤችፒሜይለር በፒኤችፒ፣ ኖድሜይለር በጃቫስክሪፕት ቋንቋ ለተሠራ ድረ ገጽ ኢሜይል ይልካሉ። መልሴ ፒኤችፒሜይለር ነው።

ሁለቱም በነጻ ይወርዳሉ። ወጪው ያለው በሚያርፉበት ሰርቨር ላይ ነው። ፒኤችፒሜይለር ብዙዎቻችን በዓመት በምንከራየው ተራ የጋራ ሆስቲንግ (ብዙ ድረ ገጾች አንድ ሰርቨር የሚጋሩበት) ላይ ያለ አንዳች ጭማሪ ይሠራል። ኖድሜይለር ግን ኖድ (ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ የሚያስኬደው ፕሮግራም) የሚሠራበት ሰርቨር ይሻል፤ ርካሾቹ ሆስቲንጎች አብዛኛውን ጊዜ ይህን አይሰጡም። የራስን ሰርቨር ከውጭ መከራየት ደግሞ በየወሩ ዶላር ማለት ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሬው ተመን ለገበያ ስለተለቀቀ፣ በዶላር የተዋዋላችሁት ኪራይ በብር ስንት እንደሚሆን አስቀድሞ የሚነግራችሁ የለም። በዶላር የሚከፍል ካርድ ለማግኘት ያለውን ደጅ ጥናትማ ታውቁታላችሁ።

ኢሜይሉን ተቀብሎ የሚያደርሰው አገልግሎትም ዋጋ አለው። ነጻው ጂሜይል በቀን እስከ 500 ተቀባይ ይፈቅዳል፤ ለአንድ ማረፊያ ይህ ተርፎ የሚፈስ ነው። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ከፍቶ ባለ 16 ፊደል የመተግበሪያ የይለፍ ቃል ማውጣት ብቻ ይበቃል። የአማዞን የኢሜይል መላኪያ አገልግሎት ኤስኢኤስ 1,000 ኢሜይል በ10 የአሜሪካ ሳንቲም ይልካል። ዋጋው ያማልላል፤ ሆኖም ካርድ ይጠይቃል፤ አዲስ አካውንትም እስኪፈቀድለት በቀን 200 ብቻ፣ ያውም አስቀድመው ለተረጋገጡ አድራሻዎች ነው የሚልከው።

ፒኤችፒሜይለር አንድ የሚያናድድ ጠባይ አለው፤ የፊደል ስብስቡ ዩቲኤፍ-8 (የግእዝ ፊደልንም የሚይዘው) እንዲሆን ካልነገሩት አማርኛውን ያበላሸዋል። አንድ መስመር ኮድ ያስተካክለዋል። ኖድሜይለር ይህን ሳይነገረው ያውቃል፤ ምስጋናውን አልነፍገውም። በቴምፕሌት (ስሙና ቀኑ የሚሞላበት የኢሜይል ቅርጽ) በኩል ብዙም አይለያዩም፤ ፒኤችፒሜይለር ከትዊግ፣ ኖድሜይለር ከሃንድልባርስ ጋር ተስማምቶ ይሠራል። ሁለቱም የቴምፕሌት መሣሪያዎች ደንበኛው በስሙ ቦታ ኮድ ቢጽፍ ያመክኑታል፤ ሃንድልባርስ ላይ ሦስት ቅንፍ ከተጠቀማችሁ ግን ጥበቃው ይነሳል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ ያረጀ ወይም የተመሳሰለ ቅጂ ነው። ለአንድ የጣና ዳር ማረፊያ «ያለቀለት» ተብሎ የተሸጠ የክፍል ማስያዣ ኮድ ልጠግን ስከፍተው፣ ውስጡ የተወሸቀው ፒኤችፒሜይለር ከስሪት 5.2.18 በታች ሆኖ አገኘሁት። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2016 ይፋ የሆነው ቀዳዳ እንዳለ ነበር፤ በላኪው አድራሻ በኩል የባዕድ ኮድ ሰርቨሩ ላይ ማስኬድ የሚያስችለው ማለቴ ነው። ባለቤቱ መጀመሪያ ለኮዱ፣ ቀጥሎ ለጥገናው ከፈለ። የፒኤችፒ ላይብረሪ አውራጁ ኮምፖዘር በነጻ የሚያወርደውን ነገር! ኖድሜይለርም ከአስመሳይ አላመለጠም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በስሙ መጨረሻ «ጄኤስ» የጨመሩ ሐሰተኛ ጥቅሎች የጃቫስክሪፕት ጥቅሎች ማከማቻ በሆነው ኤንፒኤም ላይ ተገኝተው ተነስተዋል። የጫናቸውን ሰው የሰርቨር ምስጢሮች ወደ ሌላ ቦታ ይልኩ ነበር።

ድረ ገጻችሁ ቀድሞውኑ በጃቫስክሪፕት የተሠራ ከሆነ ኖድሜይለርን ያዙ፤ ለኢሜይል ብሎ ቤት አይፈርስም። ሌሎቻችሁ የዓመቱን ኪራይ ከመክፈላችሁ በፊት ሆስቲንግ ሻጩን ወደብ 587 (ኢሜይሉ የሚወጣበት በር) ወደ ውጭ ክፍት መሆኑንና ዲኪም (ኢሜይሉ ከእናንተ መሆኑን የሚያረጋግጠው ፊርማ) ከመቆጣጠሪያው ገጽ የሚበራ መሆኑን ጠይቁ። ዝግጁ ኮድ የሚሸጥላችሁ ሰው ደግሞ የፒኤችፒሜይለሩን የስሪት ቁጥር በጽሑፍ ይስጣችሁ።