የመኪና ወንበር ጎንደር ላይ የት ይልበስ? አራት አማራጮች ጎን ለጎን

ጎንደር ውስጥ የመኪናችሁን ወንበር ማልበስ ካሰባችሁ አራት መንገድ አለ። አንደኛው መኪና ብቻ የሚያለብስ ታፒሴሪ ቤት ነው። ብዙ ጊዜ ጋራዦች ከሚበዙበት ሰፈር አይርቅም። ሁለተኛው ሶፋ ቤት ነው። ዋና ሥራው ሶፋ ቢሆንም መኪና ሲመጣለት አይመልስም። ሦስተኛው ከመለዋወጫ ሱቅ ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ ገዝቶ ማጥለቅ ነው። አራተኛው ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ድረስ መውሰድ ነው።

አብዛኛው ሰው በዋጋና በቀለም ይመርጣል። ጥቁር ይሁን ቡናማ፣ ዳሩ ላይ ቀይ ክር ይዙርበት አይዙርበት የሚለው ክርክር ብቻውን ግማሽ ቀን ይፈጃል። እኔ ቤቶቹን የማወዳድረው ከልብሱ ስር ባለው ነገር ነው። ስፖንጁ፣ ክሩና ማሰሪያው ይበልጡብኛል። አዲስ የለበሰ ወንበር ሁሉ ያምራል። ቀሽም ሥራ ራሱን የሚያሳየው አንድ በጋና አንድ ክረምት ካለፈበት በኋላ ነው። ስለዚህ የትኛውም ቤት ስትገቡ የስልክ ፎቶ አትዩ። ከዓመት በፊት ያለበሱትንና አሁንም ሥራ ላይ ያለ ሚኒባስ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ከተማው ትንሽ ነው፤ መኪናው አይጠፋም።

ከስፖንጁ እንጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚያ ነው። የስፖንጅ ጥራት በዴንሲቲ ይለካል። ቁጥሩ አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ይናገራል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነና 10 ሳንቲ ሜትር የሚወፍር ስፖንጅ ዴንሲቲው 30 ከሆነ 3 ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። 2 ኪሎ ከሆነ ቁጥሩ 20 ነው፤ ሻጩ ምንም ይበል። ሻጩማ ሁሉንም «ኦርጅናል ነው» ይላል፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሚዛን ላይ ማውጣት ግን የሚያሳፍር ነገር የለውም። ቀኑን ሙሉ ሰው ለሚነሳበትና ለሚቀመጥበት ሚኒባስ ከ30 በታች የሆነ ስፖንጅ አልመክርም። ቶሎ ይተኛል፤ ከዚያ ተሳፋሪው ብረቱ ላይ ይቀመጣል።

ታፒሴሪውና ሶፋ ቤቱ በግልጽ የሚለያዩትም እዚህ ጋ ነው። የመኪና ወንበር ስፖንጅ ፋብሪካ ውስጥ በቅርጽ የተጋገረ ነው፤ ጎኑ ከፍ፣ መሃሉ ዝቅ ይላል። ሶፋ ቤት የለመደው ጠፍጣፋውን ስፖንጅ ቆርጦ ማስገባት ነው። እንግዳ መቀበያ ክፍል ውስጥ ችግር የለውም። የሊማሊሞን ጥምዝምዝ በሚወርድ መኪና ላይ ግን ጎን የሌለው ወንበር ሰውን ወዲያና ወዲህ ያንሸራትታል። እና ስትሄዱ ይህችን ጥያቄ ጣል አድርጉ፦ «ጋሼ፣ የድሮውን ስፖንጅ ምን ያደርጉታል?» «ጥለን አዲስ እናስገባለን» ካሏችሁ ትንሽ ጠርጥሩ። «መጀመሪያ ፈትተን እንየው፤ የተበላውን ብቻ እንሞላለን» ካሏችሁ ጥሩ ሰው እጅ ገብታችኋል። የፋብሪካው ስፖንጅ ካልፈረሰ በገበያ ከሚገኘው አብዛኛው ይሻላል።

ክሩም እንደዚያው ነው። የጥጥ ክር በፀሐይና በላብ ይበሰብሳል፤ ናይለንም ፀሐይ ያደክመዋል። ፖሊስተር ይሻላል። ለማወቅ ከመጠቅለያው ላይ አንድ ጣት የምታህል ክር ጠይቁና ክብሪት አስነኩት። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ወይም ናይለን ከሆነ ቀልጦ ጫፉ ላይ ጠጣር እንክብል ይሠራል። ስፌቱንም እዩት። ብዙ ሰው ጥቅጥቅ ያለ ስፌት ጠንካራ ይመስለዋል። ሌዘር ላይ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ መርፌው አጠገብ ላጠገብ ሲበሳው እንደ ቴምብር ጠርዝ በዚያው መስመር ይቀደዳል። በቀዳዳና በቀዳዳ መካከል ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ሲኖር ደህና ነው። ወፍራም ሌዘር የሚሰፋ ማሽን ያለው ቤት ይህን በቀላሉ ይሠራዋል። በልብስ ሰፊ ማሽን የሚታገል ቤት ግን ስፌቱ አንድ ቦታ ይረዝማል፣ አንድ ቦታ ያጥራል።

ማሰሪያውን ለማየት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። በፋብሪካ ሥራ ልብሱ ስፖንጁ ውስጥ ከተቀበረ ሽቦ ጋር በትናንሽ የብረት ቀለበቶች ይያያዛል። መሃሉ ላይ የሚታየው ገባ ያለ መስመር የሚቆመው በዚያ ነው። ችኩል ቤት ቀለበቱን ትቶ በማስቲሽ ብቻ ይለጥፈዋል። ለጎንደር ወይና ደጋ አየር ጥቂት ጊዜ ይቆያል። መኪናው ወደ መተማ ወርዶ መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ ሲቆም ግን ማስቲሹ ይለቅና ልብሱ ይነፋል። ቆላ ለሚሠራ መኪና ይህን ሳታዩ ቀብድ አትስጡ።

ሌዘር የሚባለውም አንድ ዓይነት አይደለም። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ሰው ሠራሽ ሲሆን ሁለት ወገን አለው። አንዱ ፒዩ ነው፤ ለስላሳና የሚያምር ነው፣ ግን እርጥበትና ላብ ሲበዛበት ፊቱ ይላጣል። ሌላው ፒቪሲ ነው፤ ጠንከር ይላል፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ሙቀት ላይ ግን ያልባል። ለቤት መኪና ፒዩ ይሁን ብትሉ አልከራከርም። ለታክሲ ግን ፒቪሲ፣ ያለቀ።

ተሰፍቶ ያለቀው ልብስ ከሁሉ ርካሹና ፈጣኑ ነው። ስፖንጁ ደህና ሆኖ ጨርቁ ብቻ ለቆሸሸ የቤት አውቶሞቢል ይበቃል። ለሚኒባስ አይሆንም፤ የኋላ ወንበሮቹ ልክ ስለሚለያይ ይንሸራተታል፣ ይሸበሸባል። አንድ ነገር ግን ከምቾት በላይ ነው። የወንበሩ ጎን ላይ ኤርባግ የሚል ምልክት ካያችሁ ያንን ጎን የሚሸፍን ልብስ አትግዙ። ኤርባጉ የሚወጣው በወንበሩ ስፌት በኩል ነው፤ ድፍን ልብስ ከታሰረበት በጊዜው ላይወጣ ይችላል። መኪናውን ለማሰፋት ስትወስዱም ይህን ንገሩ። ያንን ስፌት በወፍራም ክር ማጠንከር ያው አደጋ ነው።

ስለ እሳት የሚያነሳ ደንበኛ አይቼ አላውቅም። አዘዞ አፄ ቴዎድሮስ አየር ማረፊያ በሚያርፉት የመንገደኛ አውሮፕላኖች ውስጥ የተቀመጠ ሰው የወንበሩ ጨርቅ በእሳት የተፈተነ ነው። ናሙናው ቁልቁል ተሰቅሎ 12 ሰከንድ ይለበለባል። የሚለበልበው እሳት ከሥሩ ሲወሰድ ደግሞ ነበልባሉ በአማካይ በ15 ሰከንድ ውስጥ ብቻውን መጥፋት አለበት። ለመኪና ደንቡ ላላ ይላል። የአሜሪካው መለኪያ እሳቱ በደቂቃ ከ102 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይሮጥ ብቻ ነው የሚጠይቀው። እኛ ዘንድ ማን ይለካዋል? ራሳችሁ ለኩት። ከሌዘሩና ከስፖንጁ ጣት የምታህል ቁራጭ ውሰዱ። ደጅ ወጥታችሁ በጉጠት ይዛችሁ ለኩሱት፤ ጭሱን ግን አትማጉት። የተራ ስፖንጅ ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሳያናይድ አለው። ክብሪቱ ሲነሳ የሚጠፋውን ምረጡ፤ እየነደደ የሚንጠባጠበውን ተዉት።

አዲስ አበባስ? መርካቶ የሌዘሩ ምርጫ ሰፊ ነው፤ አይካድም። ግን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሁለት ስፌት ቢለቅ ማን ይመለሳል? ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ይቀላል፣ ቢሆንም ሚኒባሱ ለቆመበት ቀን ገቢ የለም። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ወንበር ወይም ጎኑ ላይ ኤርባግ ካለው ልምድ ያለው ቤት ፍለጋ መሄድ ያዋጣል። ለሌላው ሌዘሩን ከመርካቶ አስመጥቶ እዚሁ ማሰፋት ይሻላል። ባጃጅ ከሆነማ ብዙ አታስቡ፤ ደህና ማሽን ያለው ማንኛውም ቤት ይሠራዋል።

እንግዲህ የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ለሚኒባስና ለሥራ መኪና ታፒሴሪ ቤት፣ ዋጋው ከፍ ቢልም። ስፖንጁ ደህና ለሆነ የቤት መኪና ተሰፍቶ ያለቀው ልብስ። ሶፋ ቤት የምሄደው ስፖንጅ ለመግዛት ነው፤ ለስፌቱ ሌላ ሰው ካጣሁ ብቻ። በጥር ግን እሱንም አልመክርም። የሰርግ ወቅት ነው፤ የሙሽሮች ሶፋ ይቀድማችኋል። ታፒሴሪዎችም ከጥምቀት በፊት ይጨናነቃሉ፣ ሁሉም መኪናውን ማሳመር ስለሚፈልግ። ካልቸኮላችሁ ከጥር 11 በኋላ ሂዱ።

ዋጋ ስትነጋገሩ ሌዘር፣ ስፖንጅና የእጅ ዋጋ ለየብቻ ይጻፍ። በጥቅል ከሆነ የሚቀነሰው ስፖንጁ ነው፤ አይታይማ። ወንበሮቹ ተራ በተራ እየተፈቱ እንዲሠሩም ጠይቁ። መኪናው በቀሩት ወንበሮች ቀለል ያለ ሥራ መሥራት ይችላል። «ነገ ና» የሚለውን ጨዋታ የምትቀንሱትም ቀሪውን ክፍያ የመጨረሻው ወንበር እስኪገባ በመያዝ ነው።

ስትረከቡ ሌዘሩን ከማሻሸታችሁ በፊት የደህንነት ቀበቶውን ፈልጉ። ቀበቶው ከወንበሩ ስር ተቀብሮ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ከዚያ ወንበሩን በሁለት እጅ ይዛችሁ ነቅንቁት። ከተንቀሳቀሰ ወለሉ ላይ ያለው ቦልት አልጠበቀም። እዚያው ቆማችሁ አስጠብቁት።