አሜሪካ ውስጥ የአየር መንገድ ፓይለት ለመሆን፦ በአየር ኃይል ወይስ በሲቪል?

ብዙ ሰው ልዩነቱ ገንዘብ ይመስለዋል። እኔ ግን ዕድሜ ነው እላለሁ።

አየር ኃይል ስልጠናውን በነጻ ይሰጣል፤ እንዲያውም ደሞዝ እየከፈለ። ግን መኮንን መሆን ያስፈልጋል፣ ለዚያም ዲግሪ። ስልጠናውን ሲጨርሱ 10 ዓመት የማገልገል ግዴታ አለ። የት እንደሚኖሩና ምን እንደሚያበሩ የሚወስነው ሠራዊቱ ነው።

በሲቪል በኩል ወጪው ከራስ ኪስ ነው። ከዜሮ እስከ አስተማሪነት ፈቃድ 100,000 ዶላር አካባቢ ይፈጃል፤ ብዙዎች ይበደራሉ። ከዚያ በመደበኛው ሕግ 1,500 የበረራ ሰዓት መሙላት አለ። አብዛኛው ሰው የሚሞላው ጀማሪዎችን እያስተማረ ነው፤ አሰልቺ ነው። የጦር ፓይለት ግን በ750 ሰዓት ረዳት አብራሪ መሆን ይችላል።

እኔ ሲቪሉን የምመርጠው ለምንድን ነው? አየር መንገድ ውስጥ የበረራ ፕሮግራሙም ካፒቴንነቱም በቅጥር ቅደም ተከተል ነው የሚሄደው። 65 ዓመት ሲሞላ ደግሞ መንገደኛ ማመላለስ ያበቃል። በ25 ዓመቱ የገባ ልጅ፣ በ35 ከሚገባው የቀድሞ ተዋጊ ጀት አብራሪ ይቀድማል። የጦር ሜዳ ልምድ ወረፋ አያስዘልልም።

ብድር የሚያስፈራው አየር ኃይልን ይሞክር። ግሪን ካርድ ብቻ ላለው ግን የመኮንንነቱ በር ዝግ ነው፤ መጀመሪያ ዜግነት።