ካሴት ወደ ፍላሽ ለማስገልበጥ ለምታስቡ የደሴና የአካባቢዋ ሰዎች

ይህን የምጽፈው ትናንት ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ ሙዚቃ ቤት 1,500 ብር ከፍዬ የተታለልሁበት ንዴት ገና ሳይበርድልኝ ነው። መስታወታቸው ላይ «የድሮ ካሴት እንገለብጣለን» የሚል ወረቀት የሚለጥፉትን ቤቶች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ።

የሰጠሁት ካሴት ነፍሱን ይማረውና አባቴ ከሬዲዮ የቀዳው፣ የማሪቱ ለገሰ አምባሰል ያለበት፣ በሁለት ገጹ 60 ደቂቃ የሚሄድ ነው። የሙዚቃ ቤቱ ልጅ «ጋሼ፣ ሻይ ጠጥተው ይመለሱ» አለኝ፤ በ20 ደቂቃ ስመለስ ፍላሹ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። የ60 ደቂቃ ካሴት በ20 ደቂቃ ተጫውቶ እንደማያልቅ እያወቅሁ ለምን እንዳልጠየቅሁ ለራሴም መልስ የለኝም። የመጀመሪያውን ዘፈን ጥቂት አሰማኝ፤ የማሪቱ ድምፅ ነበርና ከፈልሁ።

ማታ እናቴን አጠገቤ አስቀምጬ ከፈትሁት። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ማሲንቆው ጠፍቶ ኪቦርድ ገባ፤ ዘፋኙም የማላውቀው ጎረምሳ ሆነ። በማሲንቆ ሲሆን ከድምፅ ወደ ድምፅ እየተንሸራተተ አንጀት የሚበላውን አምባሰል ኪቦርዱ ቆራርጦ ጥሎታል። ሦስተኛው ዘፈን መሐል ላይ ደግሞ አንድ ሰውዬ «ቻናላችንን ሰብስክራይብ ማድረግ እንዳትረሱ» አለ። እናቴ «ይኼ አባትህ የቀዳው አይደለም» ብላ ዝም አለች። ካሴቱን ከኪሴ አውጥቼ ሳየው ክሩ ስሰጠው ቆሞ በነበረበት በ«ሀ» ገጽ እኩሌታ ላይ እንደቆመ ነው። ቴፕ ውስጥ እንኳ አልገባም ማለት ነው።

ዛሬ ጠዋት ተመልሼ ስሄድ ልጁ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ዘፈን ያው ዘፈን ነው፤ የእርስዎ ካሴት ሽሽ ይላል» አለኝ። እኔ የፈለግሁት ያንኑ ሽሽታ፣ አባቴ መቅጃውን ሲጫን ቀጭ የሚለውን ድምፅ ነበር። ባለቤቱም «ሰምተው አይደል የከፈሉት?» ሲል ቆመው የነበሩ ደንበኞች ሳቁ። አምባሰልና ባቲ ስማቸውን ለቅኝት በሰጡባት ወሎ፣ ማሲንቆን ከኪቦርድ የማይለይ ሰው የሰው አደራ ተቀብሎ እንዲህ ያደርጋል!

የምታስገለብጡ ካላችሁ ቴፑ ሲዞር እያያችሁ እዚያው ተቀመጡ፤ ከመሐልም ከመጨረሻም ሳትሰሙ አትክፈሉ። ደረሰኝም ያዙ፤ እኔ ሳልይዝ ስለወጣሁ ገንዘቤን የምጠይቅበት ማስረጃ የለኝም።