ዛምቤዚ ወይስ ቾቤ? የጀንበር መጥለቂያ የጀልባ ጉዞ ከመግዛታችሁ በፊት

ጆሃንስበርግ ስለምኖር በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይመጣብኛል። ከአዲስ አበባም፣ ከአሜሪካም። «ቪክቶሪያ ፏፏቴን ልናይ ነው። ጀንበር ስትጠልቅ ጀልባ ላይ ሆኖ እንስሳ የሚታይበት ጉዞ አለ አሉ። የትኛውን እንግዛ?» ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደወለች። «ባክህ አታንዛዛው፣ ቁርጡን ንገረኝ። ዛምቤዚ ነው ቾቤ?»

ቁርጡ ቾቤ ነው። ያውም በትንሿ ጀልባ፣ ያውም ካሳኔ አድሮ። አራት ጊዜ ሄጃለሁ። ሁለቱን ጊዜ ገንዘቤን አቃጥዬ ነው የተማርኩት። እናንተም እንዳታቃጥሉ ነው ይሄን ሁሉ የምጽፈው።

ሁለቱ ወንዞች ጎረቤት ናቸው። ቾቤ ካሳኔ በምትባል ትንሽ የቦትስዋና ከተማ በኩል ያልፍና ካዙንጉላ ላይ ዛምቤዚን ይቀላቀላል። ዛምቤዚ ከዚያ ወደ ፏፏቴው ይወርዳል። ከካሳኔ እስከ ዚምባብዌዋ ቪክቶሪያ ፎልስ ከተማ በመኪና 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የርቀት አይደለም። ጉዳዩ ገንዘባችሁን የምታወጡት ምን ለማየት ነው የሚለው ነው።

መጀመሪያ ዋጋ። ዛምቤዚ ላይ፣ በዚምባብዌ በኩል፣ ደህና የሚባል ጀልባ በሰው ከ50 እስከ 60 ዶላር ነው። ለሁለት ሰዓት። መጠጥና መክሰስ አለው፣ ከሆቴል ወስደው ይመልሷችኋል። ግን መሳፈሪያው ላይ ስትደርሱ የፓርክ ክፍያ ተብሎ 10 ዶላር ይጨመራል። ብዙ ሻጭ ይህን አስቀድሞ አይናገርም። ባለ ሁለት ፎቁና ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ያነጠፈው «ላግዠሪ» የሚሉት ደግሞ 90 እና 100 ዶላር ይገባል። ልዩነቱ ወንበሩና ወይኑ ነው። የሚታየው ጉማሬ ያው ነው።

ቾቤ ላይ ለሦስት ሰዓት፣ በትንሽ ጀልባ፣ 50 ዶላር ገደማ ከፍያለሁ። የፓርኩ መግቢያ ለውጭ ዜጋ 270 ፑላ ነበር፣ ወደ 20 ዶላር። ድምሩ 70። ዛምቤዚም ከነተጨማሪው 70 ነው። እኩል ይመስላል። በሰዓት ስታካፍሉት ግን ዛምቤዚ 35 ዶላር፣ ቾቤ 23 ዶላር ይወጣል። የቾቤ ፓርክ ክፍያ ደግሞ የቀን ነው። ጠዋት በመኪና፣ ከሰዓት በጀልባ ብትገቡ ሁለቴ አትከፍሉም። ሁለቱን በአንድ ቀን አድርጉት።

አሁን ለአገሬ ልጅ ለብቻው የምነግረው ነገር አለ። አርባ ምንጭ ሄዳችሁ ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ ከወጣችሁ የአዞ ገበያን አይታችኋል። እነዚያን ግዙፍ አዞዎች ዳር ላይ አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ሲሞቁ አይታችኋል። ጉማሬም እዚያው አለ። ዛምቤዚ ላይ በማታው ጉዞ አላጣውም ብላችሁ የምትተማመኑበት እንስሳ ጉማሬ ነው። ከዚያ አዞና ወፍ። ዝሆን ከመጣ ዕድላችሁ ነው። ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ጫሞ ላይ ያየውን እንደገና በዶላር መግዛት ለኔ አይዋጥልኝም።

ጫሞ ላይ የማታገኙት ዝሆን ነው። ቾቤ ደግሞ የዝሆን አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 አምስት አገሮች አብረው ባደረጉት የአየር ላይ ቆጠራ በቦትስዋና በኩል ብቻ ወደ 132 ሺህ ዝሆን ተገኝቷል። ዝናብ በሌለባቸው ደረቅ ወራት በጫካው ውስጥ ያለው ኩሬ ሁሉ ይደርቅና መንጋው ወደ ወንዙ ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ መቶ ዝሆን ባንድ ዳርቻ ተሰልፎ ሲጠጣ ልታዩ ትችላላችሁ።

አንድ ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ። ከወንዙ መካከል ሴዱዱ የምትባል ደሴት አለች። ቦትስዋናና ናሚቢያ ተካሰውባት፣ የሄጉ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1999 ለቦትስዋና የፈረደላት ደሴት ናት። የቦትስዋና ባንዲራም ተተክሎባታል። ሣሯ ለምለም ስለሆነ ዝሆኖቹ እየዋኙ ይሻገሩባታል። አስጎብኚያችን ሞተሩን አጠፋ። መሪዋ እናት ውኃውን በኩንቢዋ ነካ ነካ አድርጋ ገባች። ሌሎቹ ተከተሉ። ግልገሏ መሃል ገባች። ከዚያ ጀርባዋም ጠፋ፣ ጆሮዋም ጠፋ፣ የቀረው የኩንቢዋ ጫፍ ብቻ ነው። ጫፉ ከውኃው በላይ ወጥቶ «ፉፍ» እያለ ሲተነፍስ እንሰማ ነበር። ጀልባው ላይ ያለነው ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። ደሴቷ ላይ ሲወጡ ከደረት በታች ጥቁር፣ ከላይ አቧራማ ግራጫ ሆነዋል። እናትየዋ ሣሩን በኩንቢዋ ነቅላ፣ ጭቃው እንዲራገፍ እግሯ ላይ ጠፍ ጠፍ አድርጋ መታችውና ጎረሰች። ሃያ ሜትር ባንርቃቸው ነው።

ያን ቀን የከፈልኩት 70 ዶላር ነው። ለዛምቤዚውም ያንኑ ትከፍላላችሁ።

ዛምቤዚን ማጣጣሌ አይደለም። ለጀንበሯ ብቻ ከሆነ ዛምቤዚ ይበልጣል። ወንዙ ሰፊ ነው፣ ደሴቶቹ ላይ ዘንባባ ቆሟል፣ ፀሐይዋ ውኃው ላይ ቀልጣ ትወርዳለች። ውኃ በሚበዛባቸው ወራት የፏፏቴው ጢስ ከሩቅ ሰማይ ላይ ሲወጣ ከጀልባው ይታያል። በአካባቢው ቋንቋ ሞሲ-ኦአ-ቱንያ ይሉታል፣ የሚያጓራው ጢስ እንደማለት። ጢስ ዓባይን ለሚያውቅ ሰው ስሙ ሆድ ያባባል። ለሠርግ፣ ለልደት፣ ከወዳጅ ጋር ቁጭ ብሎ ለመጫወት ዛምቤዚን ግዙ። ለእንስሳ ግን አትግዙ። ከሊቪንግስተን ከተማ፣ በዛምቢያ በኩል ብትነሱም ያው ወንዝ ነው። ዋጋውም ይቀራረባል።

አሁን ወደተቃጠልኩበት ልምጣ።

የመጀመሪያው ቪክቶሪያ ፎልስ ከተማ መንገድ ላይ ነው። አንድ ልጅ ፎቶ እያሳየ «35 ዶላር፣ ሁሉም ያለበት» አለኝ። እዚያው መንገድ ላይ የድሮውን የዚምባብዌ የመቶ ትሪሊዮን ዶላር ኖት የሚሸጡ ልጆች አሉ። ብዙው ኮፒ ነው። የጀልባው ፎቶም እንደዚያው ሆነ። ፎቶው ላይ ያየነውና የተሳፈርንበት የተለያየ ነው። ግማሽ ሰዓት እንደሄድን ሞተሩ ጮኸ፣ ጨሰ፣ ቆመ። ውኃው ይዞን ወደ ታች እየወሰደን ጉማሬዎች በግራ በኩል ብቅ ጥልቅ ይላሉ። ሌላ ጀልባ መጥቶ እስኪጎትተን ጀንበሯ ገብታ ጨልሟል። ገንዘቤን መልሱ ብል «ከልጁ ጋር ተነጋገር» አሉኝ። ልጁን ደግሞ ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

የሚጎትተን ጀልባ ላይ መካኒክ ነበር። ዳር ላይ ሞተሩን ሲፈታ አጠገቡ ቆምኩ። ከወንዙ ውኃ እየሳበ ሞተሩን የሚያቀዘቅዝ ትንሽ ፓምፕ አለ። ውስጡ የምትሽከረከረው ጎማ ተበጣጥሳ ወጣች። «ፎርጅድ ናት» አለኝ። ኦሪጅናሉን ትተው በግማሽ ዋጋ የገዙት ነው። በአረምና በአሸዋ ውኃ ውስጥ ወር አትቆይም አለኝ። ከዚያ አንድ ነገር አሳየኝ። ደህና ሞተር ሲነሳ ከጎኑ ቀጭን የውኃ መስመር ይተፋል። ካልተፋ አትሳፈሩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጀልባ ላይ ከመውጣቴ በፊት ወደ ኋላ ሄጄ ያችን ውኃ አያለሁ። ላይፍ ጃኬቱንም በእጄ ነካክቼ፣ መቆለፊያው እንደሚሠራ አይቼ ነው የምቀመጠው። እናንተም እንደዚያ አድርጉ። ማንም አይቀየማችሁም።

ሁለተኛው የባሰ የሚያናድድ ነው፣ ምክንያቱም ማንም አላታለለኝም። ከቪክቶሪያ ፎልስ «የቾቤ የአንድ ቀን ጉዞ» በ180 ዶላር ገዛሁ። መጓጓዣ፣ ጀልባ፣ ምሳ፣ የመኪና ጉብኝት በሙሉ። ርካሽ መሰለኝ። ያልጠየቅኩት ጀልባው ስንት ሰዓት እንደሚወጣ ነው። የቀኑ ጉዞ ድንበር ስላለበት ጀልባው የሚወጣው ጠዋት ነው። ከሰዓት በመኪና ያዞሯችሁና አመሻሽ ላይ ወደ ዚምባብዌ ትመለሳላችሁ። ዝሆኖቹ ወንዙ ላይ በሚሞሉበት ሰዓት እናንተ ድንበር ላይ ሰልፍ ይዛችኋል። ጀንበሯን ያየኋት በመኪና መስኮት ነው።

ስለዚህ ካሳኔ እደሩ። ከቪክቶሪያ ፎልስ በጋራ መኪና በአንድ መንገድ ከ50 እስከ 60 ዶላር ነው። ደህና ንጹህ እንግዳ ማረፊያ በ70 እና በ80 ዶላር ይገኛል። ለሁለት ሰው ሲካፈል ያንን የቀን ጉዞ ዋጋ ብዙም አይበልጥም። ከጆሃንስበርግ የምትነሱ ደግሞ ቀጥታ ወደ ካሳኔ የሚበር አለ። የከሰዓቱ ጀልባ በኛ አቆጣጠር 9 ሰዓት ላይ ወጥቶ 12 ሰዓት ላይ ይመለሳል። በሐምሌ ጀንበር የምትገባው 12 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ልክ ትገጥማላችሁ።

ካሳኔ ላይም ሁለት ዓይነት ጀልባ አለ። ትልቁ ብዙ ሰው ጭኖ፣ ባር ይዞ ይሄዳል። ይረክሳል። ግን ጥልቀት ስለሚፈልግ ዳር አይጠጋም። አንድ ዝሆን ሲታይ ሁሉም ሰው ወደ አንድ ጎን ይሮጣል፣ እናንተ የምታዩት የሰው ጀርባ ነው። ትንሿ የአልሙኒየም ጀልባ ከ8 እስከ 16 ሰው ትይዛለች፣ ዳር ድረስ ትገባለች። በጥቂት ዶላር ልዩነት እሷን ያዙ። ሽንት ቤት ግን ብዙዎቹ የላቸውም። እናቴን ይዤ የሄድኩ ጊዜ ትልቁን መርጫለሁ፣ አልጸጸትም። ለእሷ የተመቸው እሱ ነበር። የሚሽከረከር ወንበርና የካሜራ ማቆሚያ ያለው የፎቶ ጀልባም አለ። ትልቅ ሌንስ ከሌላችሁ አያስፈልግም።

ባይኖኩላር ያዙ፤ ከመንገድ ላይ ግን አትግዙ። ጆሃንስበርግ ውስጥ ጄፒ በሚባለው ሰፈር አንዱን «60 እጥፍ ያቀርባል» የሚል ጽሑፍ አምኜ ገዛሁ። ወንዙ ላይ አንዷን ወፍ ሁለት አድርጎ አሳየኝ። በሁለተኛው ቀን ውስጡ እርጥበት ገባው። ጠጋኝ ጋ ብወስደው የጥገናው ዋጋ ከዕቃው በለጠ። የሚንቀሳቀስ ጀልባ ላይ ብዙ የሚያቀርብ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። 8 በ42 የሚሉት፣ 8 እጥፍ የሚያቀርበው፣ በቂ ነው። ከሰው ተዋሱ ወይም አስጎብኚውን ጠይቁት፣ ብዙ ጊዜ ይኖረዋል።

ወቅቱ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው። ከኅዳር በኋላ ዝናብ ይገባና ዝሆኑ ወደ ጫካው ይበተናል። ያኔ ለወፍ ካልሆነ ብዙ አትጠብቁ። ነሐሴ ጥሩ ወር ነው፤ ግን ፍልሰታ ላይ ይወድቃል። መክሰሱ አብዛኛውን ጊዜ ዶሮና ሥጋ ነው። የምትጾሙ ከሆነ ስትመዘገቡ «ቪጋን» ብላችሁ አስይዙ፣ ጀልባው ላይ ከወጣችሁ በኋላ ለውጥ የለም።

ቪዛ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዛችሁ 50 ዶላር የሚከፈልበትን የካዛ ቪዛ ይሸጡላችኋል፣ ዛምቢያንና ዚምባብዌን በአንድ የሚያስገባውን። ቦትስዋናን የሚፈቅደው ግን ለአንድ ቀን ደርሶ መልስ ብቻ ነው። ካሳኔ ካደራችሁ ይቃጠላል። ወደ ዚምባብዌ የምትመለሱ ከሆነ ሁለቴ የሚያስገባውን የ45 ዶላሩን የዚምባብዌ ቪዛ ውሰዱ። ከካሳኔ ወደ ቤት የምትበሩ ከሆነ የ30 ዶላሩ ነጠላ ይበቃል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የዚምባብዌንም የቦትስዋናንም ቪዛ ትኬት ከመቁረጡ በፊት ይጨርስ። ከኢትዮጵያ የሚነሳ ሁሉ የቢጫ ወባ ካርዱን አይርሳ። አካባቢው ወባም አለበት፣ ሐኪም አማክሩ።

የአክስቴ ልጅ ለነሐሴ ቆርጣለች። ሁለት ነገር ነግሬያታለሁ። ጀልባው ከካሳኔ ሲነሳ በግራ በኩል ተቀመጪ፣ ዝሆኖቹ የሚወርዱት በዚያ ዳርቻ ነው። ጋቢም ያዢ፣ ጀንበር ከገባች በኋላ የወንዙ ነፋስ አጥንት ይገባል።