ፊኒክስ ላይ የአየር ቱቦ ማጽዳት፦ ርካሹ ወይስ ሙሉው?

አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ ፊኒክስ የሚኖር ሰው የበጋውን የአቧራ ማዕበል ያውቀዋል፤ መስኮት ተዘግቶም ጠረጴዛው ላይ በጣት የሚጻፍበት ቡናማ ብናኝ ይቀራል። ያኔ የማቀዝቀዣውን አየር ወደ ክፍሎቹ የሚያደርሰውን ቱቦ ከ100 ዶላር በታች እናጸዳለን የሚለው ማስታወቂያ ያጓጓል። እባካችሁ ተጠንቀቁ! ብዙ ጊዜ ለጽዳት የሚመጣው ሰው የቤት ቫኪዩም በአየር መውጫው አስገብቶ ቶሎ ይወጣል፤ ወይም “ሻጋታ አለ” ብሎ ዋጋውን ይቆልላል።

ሙሉ ጽዳት የሚሠራው ሰው ግን ኃይለኛ መምጠጫ ከዋናው ቱቦ ጋር ያገናኛል፤ አቧራው ወደ ቤት እንዳይመለስ እየሳበ እያንዳንዱን ቅርንጫፍ በብሩሽ ያራግፋል፤ የማቀዝቀዣውን ማራገቢያም ከፍቶ ያጸዳል። ሰዓታት ይፈጃል፣ በመቶዎች ዶላር ያስከፍላል። እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ፤ የቱቦውን የውስጥ ፎቶ በፊትም በኋላም ጠይቁት።

ጣሪያ ሥር ያለው ቱቦ ከተቀደደ ግን መጀመሪያ ይደፈን፤ አለዚያ አቧራውን መልሶ ይስባል።