180 ላይ አድርጌው 140 የሚሞቀው ኦቨኔ

ስለዚህ ኦቨን መልክ፣ ስፋትና መብራት ብዙ አልልም፤ በተጠቀምኩባቸው ወራት አላስከፉኝም። የምጽፈው ስለ ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ሙቀቱን ስለሚቆጣጠረው ክፍል ነው።

መጀመሪያ ላይ በሥርዓት ይጋግር ነበር። ከዚያ ኬኩ ከላይ ገርጥቶ፣ መሃሉ ሊጥ ሆኖ ይወጣልኝ ጀመር። ለሻጩ ደወልኩ። «እያንዳንዱ ኦቨን የራሱ ጠባይ አለው፤ ትንሽ ከፍ አድርጊው» አለኝ። ጠባይ ለሰው ነው፤ ዕቃ የሚኖረው ልክ ነው! ማዞሪያው ላይ 180 ተብሎ ከተጻፈ ውስጡም 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሊሆን ይገባል። አለዚያ ቁጥሩ ለምን ተጻፈ?

ስለዚህ ራሴ ለካሁ። ለኦቨን የተሠራ ቴርሞሜትር መሃለኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ፣ ማዞሪያውን 180 ላይ አድርጌ ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁ። አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ መፍረድ ተገቢ አይደለም። ቴርሞስታት ማሞቂያውን እያበራና እያጠፋ ስለሚሠራ ሙቀቱ ይዋዥቃል፤ ከተፈለገው በአሥር፣ በአሥራ አምስት ዲግሪ ከፍና ዝቅ ቢል ጤነኛ ነው። ደጋግሞ አንብቦ አማካዩን መያዝ ያስፈልጋል። የእኔ አማካይ 140 ነበር። ይህን ጠባይ የሚል ሰው ይምጣና ያስረዳኝ።

የበሩ ጎማ ደህና ነው፤ ማሞቂያውም ይግላል። የቀረው ቴርሞስታቱ ነው። የዚህ ኦቨን ቴርሞስታት ሜካኒካል ነው፦ ኦቨኑ ውስጥ ፈሳሽ የተሞላች ትንሽ የብረት ዘንግ አለች፤ ከእርሷ እንደ ሽቦ የቀጠነ ቧንቧ ተነሥቶ ወደ ማዞሪያው ጀርባ ይሄዳል። ሙቀት ሲጨምር ፈሳሹ ይሰፋል፤ ግፊቱም ከማዞሪያው ጀርባ ያለውን መገናኛ ከፍቶ ኤሌክትሪኩን ያቋርጣል።

ሶኬቱን ነቅዬ፣ ኦቨኑ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ፣ በእጅ ባትሪ ውስጡን አየሁ። ዘንጓ ከመያዣዋ ወጥታ ወደ ላይኛው ማሞቂያ ተጠግታለች! የኦቨኑ አየር ገና ሳይሞቅ እርሷ ቀድማ ስለምትግል ቴርሞስታቱ ማሞቂያውን ያለጊዜው ያጠፋው ነበር። ቧንቧው እንዳይታጠፍ እየተጠነቀቅሁ በእርጋታ ወደ ቦታዋ መለስኳት። ደግሜ ስለካ አማካዩ 178 ሆነ። እንዲህ ያለ ደስታ ከአንድ የቤት ዕቃ አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅሁም። መለዋወጫ አልገዛሁም፤ ምንም አልፈታሁም።

ኦቨናችሁ ከልክ በላይ የሚግል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቧንቧው ተሰብሮ ፈሳሹ ከፈሰሰ ማሞቂያውን የሚያጠፋ ግፊት አይኖርም፤ መገናኛው ተጣብቆ ሲቀርም እንዲሁ ነው። ያን ጊዜ ማዞሪያውን ዝቅ እያደረጉ መቀጠል አደገኛ ነው፤ መጠቀም አቁሞ ቴርሞስታቱን በባለሙያ ማስቀየር ይገባል።

አሁን አንድ ሻጭ «ለዚህ ነው በጣት የሚነካ ስክሪን ያለውን የምንመክረው፤ ሙቀቱን በቁጥር ታስተካክይዋለሽ» ይለኝ ይሆናል። ብዙዎቹ ማስተካከያ እንዳላቸው አውቃለሁ። ነገር ግን መለኪያው ከቦታው ሲወጣ ስክሪኑ ላይ ቁጥር መጨመር ምን ይፈይዳል? እኔ የምፈልገው አሠራሩ የሚገባኝ፣ ብልሽቱ በዓይኔ የሚታየኝ ዕቃ ነው። አምራቹ ግን ያቺን ስስ የቆርቆሮ መያዣ በብሎን ያጥብቃት፤ በዚህ ተቆጥቻለሁ። ኦቨኑን ግን አልሸጠውም፤ ዛሬ ብገዛም ይህንኑ እገዛለሁ።