ለልጅ ልጄ የደረሰችለት መምህርት

ይህን የምጽፈው ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር አካባቢ በሚገኝ አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት መምህርት የሆነችን ሴት ለማመስገን ነው። ስሟን እንዳልጠቅስ አስምላኛለች። በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፤ እኛ ድሬዎች ደግሞ አንቱታው ብዙም አይሆንልንም። ስለዚህ አንቺ እላታለሁ፣ እሷም አባባ ትለኛለች።

የልጅ ልጄ 10 ዓመቱ ነው፤ ያደገውም እኔ ዘንድ ነው። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ሰፈር ሲወጣ ኦሮምኛ፣ ባለሱቁ ዘንድ ሲላክ ሶማሊኛ ይናገራል። የተበላሸ ሬዲዮ ፈታቶ መልሶ ይገጥማል። ፊደልንም ገና በ5 ዓመቱ ከሀ እስከ ፐ እያዜመ ቆጥሯል። ሦስተኛ ክፍል ሲደርስ ግን አንዲት መስመር ማንበብ አቃተው። እኔ 31 ዓመት በምድር ባቡር ጥገና ክፍል የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ስንፍና አልወድም። ሰነፍ አልኩት፤ ጨዋታ ከለከልኩት። አንድ ቀን በቀበቶም መታሁት። ይህን ሳልናገር ባመሰግን ምስጋናዬ ጎዶሎ ይሆናል። ቀድሞ የተማረበት የግል ትምህርት ቤት ደግሞ "ይህ ልጅ አይገባውም፣ ወደ ሌላ ቢወስዱት ይሻላል" ብሎ ሸኘን።

መምህርቷ መጀመሪያ ያደረገችው ዓይኑንና ጆሮውን ሐኪም እንዲያይለት መላክ ነበር። ሁለቱም ደህና ሆኑ። ከዚያ የፊደል ገበታውን በወረቀት ሸፈነች፤ በወረቀቱ ላይ አንድ ፊደል ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ አለች። ከመሃል "ቤ" ላይ አቁማ "ይህ ማን ነው?" አለችው። ልጁ ዝም አለ። ከዚያ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ከሀ ተነሥቶ በዜማ እየወረደ ነበር የሚፈልገው።

"አየህ አባባ፣ የያዘው ዜማውን ነው፤ ፊደሉን አልያዘም" አለችኝ።

እኔ በዘመኔ በዚያ 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ላይ ያሉትን ጣቢያዎች ከጂቡቲ እስከ አዲስ አበባ በቃሌ እወርዳቸው ነበር። በሌሊት ዓይኔን ሸፍነው አንዱ ላይ ቢያወርዱኝ ግን የት እንደሆንኩ አላውቅም። ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ችግሩ ዲስሌክሲያ ይባላል። ከአእምሮ ማነስ የሚመጣ አይደለም፤ ድምፅንና ፊደልን ማዛመድ ላይ የሚያጋጥም ችግር ነው፣ በዘር የመውረድ ነገርም አለው። ይህን ስትነግረኝ ከ4ኛ ክፍል ያቋረጠው ታላቅ ወንድሜ ትዝ አለኝ። ሞተር ድምፁን ሰምቶ ሕመሙን የሚናገር ሰው ነበር፤ ደብዳቤ ሲመጣለት ግን ለእኔ ያቀብለኝ ነበር።

አሠራሯን ላውራላችሁ። 7ቱን ረድፍ በአንድ ጊዜ አትጭንበትም። መጀመሪያ ለ፣ ሰ እና በን ብቻ፤ ቀጥሎ ካዕባቸውን፤ ሉ፣ ሱ፣ ቡ። "ሦስቱም እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገዋል" ትለዋለች። ሊ፣ ሲ፣ ቢ እግራቸው ላይ ጫማ አላቸው፤ ሌ፣ ሴ፣ ቤ ቀለበት። እያንዳንዱን ድምፁን ጮክ ብሎ እየጠራ አሸዋ ላይ በጣቱ ይጽፈዋል። አሸዋውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ የደቻቱ ወንዝ ደረቅ በሆነበት ወቅት በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሜ።

ከሌሎቹ መምህራን ጋርም ተነጋገረች። ሳይዘጋጅ በክፍል ፊት ድንገት ተነሥተህ አንብብ እንዳይሉት፣ በፈተናም ጥያቄው እንዲነበብለትና ተጨማሪ ጊዜ እንዲያገኝ ጠየቀች። አንዱ መምህር "ይህማ አድልዎ ነው" ብሎ ተከራክሮ ነበር። የሒሳብ ፈተናውን አንብቦለት ሲያየው፣ በፊት ከ20 ሦስት ያገኝ የነበረ ልጅ 16 አገኘ። ሒሳቡን ያውቅ ነበር፤ ጥያቄው ነበር የተቆለፈበት።

ዛሬ 4ኛ ክፍል ነው። ቀስ ብሎ፣ ጣቱን እያስከተለ ያነባል። ሲደክመው አሁንም ሰና ሸን ያምታታል፤ ተአምር ተደረገ አልላችሁም። ባጃጅ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ካላነበብኩ እያለ መንገድ ላይ ሲያቆመኝ ግን ፀሐዩን እረሳዋለሁ።

አንድ ሳንቲም አልጠየቀችኝም። አምበሾክ (ጊሽጣ) በዘንቢል ብወስድላት አንድ ብቻ አንሥታ ሌላውን ለልጆቹ አካፈለች። ክፍሏ ቀድሞ ዕቃ ቤት የነበረ ነው፤ ማራገቢያ የለውም፣ ለዚያ ሁሉ ተማሪም እሷ ብቻዋን ናት። ይህ ያናድደኛል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን ያጸደቀችው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ 24ኛው አንቀጽ ስለ ትምህርት ነው የሚናገረው። ከዚያ ወዲህ ለአንድ ማራገቢያ የሚሆን ጊዜ አልጠፋም።

ልጃችሁ በቃሉ ፈጣን ሆኖ መጽሐፍ ሲከፈት የሚሸሽ ከሆነ ቀበቶውን ተዉትና ትምህርት ቢሮ ሄዳችሁ የልዩ ፍላጎት መምህር ያለበትን ትምህርት ቤት ጠይቁ። እሷ ያለችበትን ማወቅ የሚፈልግ ወላጅ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። እንጨት ሥራ የምታውቁም ካላችሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግቢዬ ውስጥ የፊደል ሰሌዳ እሠራላታለሁና መጋዛችሁን ይዛችሁ ኑ፤ የእኔው ደንዟል።